በውጭ የተሳለው ቤተ ክርስቲያን

ደብረ ብርሃን ያለው ቤቴ በሩ እየተቀባ ነው። የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ሙሴ ዮን ትዝ አለኝ፤ በልጅነቴ አሰብ ወደብ መርከብ ይቀባ የነበረው ሩማንያዊ።

አገሩን ጥሎ የሸሸ ሰው ነው፤ ቀልድ ግን አያልቅበትም። በተሰባበረ አማርኛው፣ «በእኛ አገር ሰው ሁሉ እኩል ይሁን ተባለ፤ እኔ ረጅም ስለሆንኩ ከላይ ሳይቆርጡኝ አመለጥኩ» ሲል አባቴና የጉምሩክ ጓደኞቹ በሳቅ ፍርስ ይላሉ።

የፋሲካ ዕለት በረንዳችን ላይ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «የመንደሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ በውጭ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ» አለ። «አራት መቶ ዓመት ዝናብና በረዶ ወርዶበት ሰማያዊው አልለቀቀም።»

«የዛሬውስ ለጉድ ነው!» ብሎ አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ።

«ይኼ ቀልድ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። ይበልጥ ሳቁ። በኋላ እሱም ዘግይቶ አብሮን ሳቀ።

ሲሄድ አባቴ፣ «ምን ያድርግ፣ አገሩን ሲቀሙት በአፉ ይሠራታል» አለ። ያኔ አልገባኝም።

የዚያን ቤተ ክርስቲያን ፎቶ መጽሔት ላይ ያየሁት ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው። ሰማያዊው እንዳለ አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የልጅ ልጄ መጥቶ፣ «እማማ፣ ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«እኛ እኮ ባሕር ነበረን» አልኩት። «ከበረንዳችን ሆኜ መርከብ እቆጥር ነበር።»

«እማማ ደግሞ፣ ስትቀልጂ!» ብሎ ሳቀ።

ዘግይቼ እኔም አብሬው ሳቅኩ።