ዙቤዳ የቀነሰችው ሁለት ዓመት

ጎረቤቴን ዙቤዳን እወዳታለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ሁሉ ሐሜት እንዳይመስልብኝ ነው። እኔ እታለማሁ፣ ሮቤ ከተማ ውስጥ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የማመልከቻ መጻፊያ ቤት አለኝ፤ እሷ ከግድግዳዬ ማዶ ሻሽና ድሪያ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው። ፊደል ስላልቆጠረች ወረቀት የተባለውን ሁሉ የማነብላትም የምጽፍላትም እኔ ነኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ጉርብትና በመብራት ቆጣሪ እንኳ ተጣልተን አናውቅም፤ በግትርነቷ ግን በየሳምንቱ እንኳረፋለን።

ዘንድሮ ልጇ ሰቢሪና ፈተናውን አለፈችና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። እልል ተባለ። እልልታው ሳያልቅ ዙቤዳ ልጅቷ በስሟ የባንክ ሒሳብ ከፍታ ካርዱን በእጇ ካልያዘች ከሮቤ መናኸሪያ አትወጣም ብላ ደነገገች። ምክንያት አላት። ከሦስት ዓመት በፊት ለታላቁ ልጇ ለአብዲ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የዓመቱን ገንዘብ በጃኬቱ ገበር ውስጥ ሰፍታ ሰደደችው፤ ሻሸመኔ ላይ ጃኬቱን ከነገበሩ ወሰዱበት። ልጁ አፍሮ ተመለሰ፤ እንደተመለሰም ቀረ፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። የራስሽን የባንክ ካርድ ስጫት ብላት የሱቁ ገንዘብ ሁሉ ያለው እዚያ ነው፣ ቢሰርቋትስ አለችኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሰቢሪና ትምህርት በአንዲት ካርድ ላይ ተንጠለጠለ። አውቶቡሱ የሚነሣው ቅዳሜ ነበር፤ እኛ ባንክ መመላለስ የጀመርነው ሰኞ።

ሰኞ «ሲስተም የለም» ተባልን። ይህ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በሄድኩ ቁጥር የለም። ማክሰኞ ሲስተሙ መጣ፤ የልጅቷ ጉርድ ፎቶ ግን ያረጀ ነው ተባለና አዲስ ልናስነሣ ሄድን። ረቡዕ በመጨረሻ ትንሣኤ ከሚባል ትሑት ሠራተኛ ፊት ተቀመጥን። ዙቤዳ ከወለድ ነፃ የሆነው ሒሳብ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስማለችው። እሱም ሊያስደስታት ብሎ ወደፊት ልጅቷ በስልኳ አነስተኛ ብድር ማግኘት እንደምትችል ቢነግራት፣ ገና ሳትማር ባለዕዳ ልታደርግልኝ ነው ወይ ብላ ልትነሣ ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት።

ትንሣኤ የልደት ምስክር ወረቀቱን ካገላበጠ በኋላ፣

«እናቴ፣ ልጅዎ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው» አለ። «ሒሳቡ የሚከፈተው በእርስዎ ሞግዚትነት ነው። ካርድ አይሰጣትም። ገንዘብ ሲወጣም እርስዎ ቀርበው ይፈርማሉ።»

ልጅቷ ጅማ፣ ፈራሚዋ ሮቤ። ዙቤዳ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ደግሞ ኮርኒሱን አየሁ። ያንን ወረቀት ያስወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሰቢሪና እውነተኛ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐጂ ቱፋ የሲናና ስንዴ ገበሬ ናቸው፤ ቃላቸው የሚሰማ ሰው። በ1998 ኅዳር ወር ዙቤዳን ምጥ ሲይዛት በአይሱዟቸው ወደ ጎባ ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ። ሰቢሪና ግን ጎባ እስኪደረስ አልጠበቀችም፤ መንገድ ላይ እዚያው ጋቢና ውስጥ ተወለደች። ሐጂ ደስ ብሏቸው ለሕፃኗ አንዲት ጊደር ሰጧት። እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ የሚሰጠው ከብት ሀንዱራ ይባላል፤ ጊደሯም፣ የምትወልደውም የልጁ ነው፤ እናትም ብትሆን አትነካውም። ጊደሯ በሐጂ መንጋ ውስጥ ተቀመጠች።

ሰቢሪና አሥራ አምስት ሲሞላት እኚሁ ሐጂ ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቋት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ኒካው አሁን ይታሰር፣ ሠርጉ ይቆያል አሉ። ዙቤዳ ልጄ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው አለች። ሐጂ ሳቁ፤ መኪናዬ ውስጥ የተወለደችበትን ዓመት ለእኔ ትነግሪኛለሽ ወይ አሏት። ዙቤዳ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ዓይኗን ሳታሽ፣ እርስዎ መኪና ውስጥ የተወለደው አብዲ ነው፣ ተሳስተዋል አለቻቸው። ጊደሯስ ቢሏት፣ ጊደሯም ትቅርብን አለች። በማግስቱ ጠዋት ሱቄ መጥታ ወረቀት አውጪልኝ አለችኝ። ልጅቷ እንድትማር ስለፈለግሁ በቀበሌው ፎርም ላይ በ1998 ፋንታ 2000 ብዬ ሞላሁ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አይተው ሄዱ። ሐጂ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ በዙቤዳ ደጃፍ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ ለራሷ አሳጠረች። እኔም ገመዱን ይዤ ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ከባንኩ በቀጥታ ቀበሌ ገባን። የልደት መዝገብ የያዘችው ሀዋኒ ሰምታን ስታበቃ፣ ልጅቷ ስትወለድ የነበረ ከቤተሰብ ውጪ የሆነ ሰው ቀርቦ ቃሉን ካልሰጠ ዓመቱን አልነካም አለች። የሆስፒታል ወረቀት የለም፤ አዋላጅ የለም። ያለው ሐጂ ቱፋ ብቻ ነው። ዙቤዳ በእሳቸው ፊት ከምቆም ልጅቷ ትቅር አለችኝ። ለመንኳት፤ አልሰማችም። ተቆጣሁ፤ ሻሿን አስተካክላ ለደንበኛ ድሪያ ማሳየት ጀመረች። ሴትዮ፣ ለልጅሽ ጊደር የተውሽ እናት ለልጅሽ ኩራትሽን መተው አቃተሽ ወይ ብዬ ጮህኩባት፤ ደንበኛዋም ሳትገዛ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ሰቢሪና የታሸገ ሻንጣዋን ሱቁ መሐል ፈታችው። ልብሷን አንድ በአንድ አውጥታ ለሽያጭ ከተሰቀሉት ድሪያዎች አጠገብ ሰቀለችው። ዙቤዳ እስከ ሦስተኛው ቀሚስ ድረስ አየቻት። ከዚያ ጫማዋን ቀየረችና አብዲን ባጃጁን አስነሣ አለችው።

ሲናና ስንደርስ ሐጂ ኮምባይነሩ ስንዴያቸውን ሲያጭድ ቆመው ያያሉ። «አካም ጂርቱ» ብለው ሰላም አሉ፤ ለእኔ ነው፣ ለእሷ አይደለም። የመጣንበትን በሞተሩ ጩኸት መሐል እኔው አስረዳኋቸው። ዙቤዳ መሬት መሬት ታያለች። ነገ ሦስት ሰዓት ቀበሌ እመጣለሁ አሉና ወደ ስንዴያቸው ዞሩ። ስንመለስ ዙቤዳ ሊያዋርዱኝ ነው የሚመጡት አለች፤ እኔም በልቤ እንደዚያው አስቤ ነበር።

ዓርብ በሰዓታቸው መጡ። ቢሮው በወረፋ ጢም ብሏል። ሀዋኒ ልጅቷ ስትወለድ ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ዙቤዳ ዞሩ።

«መጀመሪያ እሷ ትናገር» አሉ። «መኪናዬ ውስጥ የተወለደው ማን ነው?»

ወረፋው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ዙቤዳ ግን ቀና አለች።

«ሰቢሪና ናት» አለች። «ያን ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ።»

ሐጂ ወሩንና ዓመቱን ለሀዋኒ ተናገሩ፤ ፈረሙ። እኔም የሞላሁትን የተሳሳተ ዓመት አምኜ ፈረምኩ፤ ሀዋኒ ያየችኝ አስተያየት አሁንም ያቃጥለኛል። ተገላገልን ብዬ ስነሣ ሐጂ ሰቢሪናን ጠሯት።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጊደርሽ አርጅታለች። ከእሷና ከዘሯ ስድስት እኔ ዘንድ አሉ። ከፈለግሽ ውሰጂያቸው፤ ሽጥልኝ ካልሽም እሸጥልሻለሁ።»

ዙቤዳ፣ ትቅርብን ብያለሁ እኮ አለች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሏት። «ከብቱ የእሷ ነው። አብዲ ነው ስትይኝም የእሷ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የጋብቻ ነገር አላነሡም፤ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። አራት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን እያዞሩብን፣ ከመንጋቸው ውስጥ ግን አንዷን ጥጃ እንኳ ሳይነኩ ኖረዋል። አፈርኩ።

የታረመውን ወረቀት ይዘን ባንክ የደረስነው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። ሲስተሙም አለ፣ ተመስገን። ትንሣኤ ፎርሙን ሰጣት፤ የገቢ ምንጭ የሚለውን ተማሪዎች ባዶ ይተዉታል አላት። ሰቢሪና አልተወችውም። ዙቤዳ በክርኗ ነካችኝና ምን ጻፈች አለችኝ። «ስድስት ከብት፣ ሲናና» ብዬ አነበብኩላት።

መፈረሚያው ላይ ሲደረስ ዙቤዳ እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ተጫነች። ትንሣኤ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ወደ ሰቢሪና አንሸራተተው።

«እርስዎ አይፈርሙም፣ እናቴ» አለ። «እሷ ብቻ ናት።»

ሳምንቱን ሙሉ የለፋነው ይህን ለመስማት ነበር። ዙቤዳ ግን ቀለም የነካ ጣቷን አንሥታ የት እንደምታሳርፈው ጠፋት። ልጇ ስትፈርም እያየች እንባዋ መጣ፤ በዚያ ጣት እንዳትጠርገው ብዬ እጇን ያዝኩት።