የፊዮሬንዞ የመጨረሻ ጎል

ፊዮሬንዞ ፓካሮኒ አጥቂ ነበር፤ ስሙ ግን ከአውራጃችን ውጭ ተጠርቶ አያውቅም። የተጫወተባቸው ሜዳዎች አንዱ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጀርባ፣ አንዱ ከመቃብር አጥር ሥር፣ ሌላው ወንዙ በሞላ ቁጥር ጭቃ የሚውጠው ነበር። ሌሎች ከኳስ ዝና ያገኛሉ። እሱ ያገኘው የተሰበረ አፍንጫ፣ ሲነሳ የሚንቋቋ ጉልበትና ከቆዳው የማይለቅ የካምፎር ማሻ ቅባት ሽታ ነው። ሆኖም ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ያ ከባድ ሰውነት እንዴት ይቀልል ነበር! ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ይገርመኛል።

በመጨረሻ ወደ ትውልድ ከተማችን ወደ ካስቴልሩኖ ተመለሰ። ዓመቱ አስቀያሚ ሆነበት፤ ከገና ወዲህ አንድም ጎል አላገባም። ወደ አጥሩ በተጠጋ ቁጥር የገዛ ጎረቤቶቹ ይተፉበታል። ሥጋ ሻጩ ቱሊዮ እሁድ እሁድ "ጡረታ ውጣ፣ አንተ አሮጌ በሬ!" እያለ ይጮህበትና ሰኞ ሱቁ ሲመጣ "እንዴት አደርክ ፊዮሬ? ከየቱ ልቁረጥልህ?" ይለዋል።

እናቱን ዴሊያን "አንድ ጎል ብቻ ላግባ፤ ከዚያ ጫማዬን እሰቅላለሁ" አላት። የቀረው ጨዋታ አንድ ነበር፤ ከሸለቆው ማዶ ካለችው ከቫልመዛ ጋር።

ብናሸንፍ ቫልመዛ ወደ ታችኛው ምድብ ይወርዳል፣ ብንሸነፍ እኛ እንወርዳለን፣ አቻ ከወጣን ሁለታችንም እንተርፋለን። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው፣ ሁለቱም ወገን በአቻ የሚስማማበት ጨዋታ "ብስኩት" ይባላል፤ ሁሉም ቆርሶ ይበላል፣ ማንም ግን አያወራውም። ከጨዋታው በፊት የክለቡ ፕሬዚዳንት ጎፍሬዶ የጠፋ ሲጋር እያኘከ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገባ። አምበሉ ሚርኮ በኋላ እየሳቀ እንደነገረኝ እንዲህ ነበር ያለው፦

"ልጆች፣ ዛሬ ፀሐዩ ከባድ ነው። ማንም እንዳይደክም። ገባችሁ?"

ሁሉም ተሳሳቁ። ፊዮሬንዞ ብቻ ጫማውን እያሰረ "እኔ አልገባኝም፣ ፕሬዚዳንት" አለ።

"ተው እንጂ ሽማግሌው!" አለው ሚርኮ። "ባዶ ለባዶ ነው። ሁለት ከተማ እንዳታስለቅስ።"

"የመጨረሻ ጨዋታዬ እኮ ነው።"

"እና ተዝናናበታ!"

እኔ ተመልካቹ መሀል ዴሊያ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ኳሷን አልጋ ላይ እንዳለ በሽተኛ ወዲህና ወዲያ ያገላብጧታል። አምና ጠርሙስ ሲወራወሩ የነበሩት የሁለቱ ከተማ ሰዎች ዛሬ አብረው ይዘፍናሉ፤ የአሳማ ጥብሱ ስብ በአገጫቸው ይወርዳል፣ በእጃቸው ጀርባ ጠርገው እንደገና ይጎርሳሉ።

"ምን ሆነው ነው? ታመዋል እንዴ?" አለች ዴሊያ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ የቫልመዛ ተከላካይ ዞር ብሎ ሳያይ ኳሷን ለበረኛው መለሰ። ፊዮሬንዞ መሀል ገብቶ ኳሷን ነጠቀ። በረኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ "ፊዮሬ! ምን ልታደርግ ነው? አበድክ?" ሲል ሰማሁት። ፊዮሬንዞ ከሩቅ መታት። ኳሷ ወጣች፣ አየሩ ላይ ለአፍታ የቆመች መሰለኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአግዳሚው ሥር ገባች። እንዲህ ያለ ውበት በዚያ ቆሻሻ መሀል!

የጮኸችው ዴሊያ ብቻ ናት። ፊዮሬንዞ ክንዱን ዘርግቶ ሮጠ፤ የሚያቅፈው ግን አልነበረም። ሚርኮ ራሱን ይዞ መሬት መሬቱን ያያል። ኳሷ ከመሀል ስትጀመር የእኛ ተከላካዮች ሙሽራ እንደሚያሳልፍ ሰው ግራና ቀኝ ተከፈሉ። የቫልመዛው አጥቂ እየተራመደ ገባ፤ በረኛችን ኳሷ ገና ሳትመታ በሌላው በኩል ወደቀ። አንድ ለአንድ። ያን ጊዜ ሁለቱም ወገን ተነስቶ አጨበጨበ።

ከጨዋታው በኋላ በክለቡ አዳራሽ ድግስ ሆነ። ፊዮሬንዞ ስድብ ጠብቆ ነበር የገባው። ጎፍሬዶ ግን እየሮጠ መጥቶ አቀፈው፤ ስብ በጠገበ ከንፈሩ ሁለት ጉንጩን ሳመው።

"አንተ ሰይጣን! እኔ ደደቡ ባዶ ለባዶ እላለሁ! ባዶ ለባዶ እኮ ይሸታል። አንድ ለአንድን ግን ማን ይጠረጥራል? ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!"

"ለፊዮሬ!" ብለው ብርጭቆ አነሱ። ቱሊዮም መጥቶ ሳመው።

"እኔ የመታሁት ለማሸነፍ ነው" አለ ፊዮሬንዞ።

ሳቁ።

"ስሙኝ! ለማሸነፍ ነው! ቫልመዛን ላወርዳቸው ነበር!"

"ፊቱን እዩት፣ ፊቱን!" አለ ሚርኮ እንባውን እየጠረገ። "ቲያትር ቤት ነበር ቦታህ፣ ሽማግሌው!"

በጮኸ ቁጥር ሳቁ ባሰ። ወደ እናቱ ዞረ። ዴሊያ ተነስታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች።

"ተው ልጄ፣ አትሟገት። ዛሬ ገና ወደዱህ እኮ።"

ፊዮሬንዞ እጆቿን ከፊቱ ላይ አነሳ። ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠ። ሲያስመልሰው አዳራሹ ድረስ ተሰማ።

"ወይኑ በዛበት!" አሉ ደስ ብሏቸው።

የፊዮሬንዞን ብርጭቆ አየሁት። እንደተቀዳ ነው።