የአያሌው መውደቂያ

ልጅ እያለሁ ከገደሉ ይልቅ የገደሉ ስም ያስፈራኝ ነበር። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ትርጉማቸው የጠፋ የቦታ ስሞች ሞልተዋል፤ ሽማግሌዎች ከጥንት አገዎች የቀሩ ናቸው ይላሉ። እነዚያን እወዳቸው ነበር፤ ምንም ስለማይነግሩኝ። የሚያስፈሩኝ በእኛው አማርኛ የወጡት ናቸው። የዘውዴ መውደቂያ። የሙሽራዋ ገደል። እኛ ዘንድ ሰው የወደቀበት ቦታ በወደቀው ሰው ይጠራል፤ መንገደኛ እንዲጠነቀቅ። ስሙ አንዴ ከወጣ ደግሞ መመለሻ የለውም።

አንድ ክረምት አባቴ አያሌው በመካነ ብርሃን በኩል ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። በሚመለስበት ቀን ጉሙ ወርዶ የደጃችንን ባሕር ዛፍ እንኳ ጋረደው። በጎቹ ገብተው ቤቱ እርጥብ ፀጉር ፀጉር ሸተተ፤ አባቴ ግን አልመጣም። ጎረቤቶች ፍለጋ ወጡ። ከመሸ በኋላ ጎረቤታችን አያ ብሬ የአባቴን ጋቢ ጭቃ እንደለበሰ ይዘው ገቡ። የት እንደተገኘ ሲጠየቁ፣ «ከወንዙ በላይ ነው፣ የአያሌው መውደቂያ ላይ» አሉ። አስበው አልነበረም፤ አፋቸው የለመደውን ነው ያወጣው።

እናቴ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር። «ኧረ በማርያም! ቦታው ስም የለውም፤ ስም እንዳታወጡለት!» ብላ ጮኸች። አያ ብሬ አንገታቸውን ደፉ። እኔ መደቡ ላይ ጉልበቴን አቅፌ፣ «አልተባለም፣ አልተባለም» እል ነበር።

በማግስቱ አባቴ እያነከሰ መጣ። ጋቢውን ነፋስ ነጥቆት፣ እሱ ጉሙ እስኪገለጥ ዋሻ ተጠግቶ አድሯል። እልል ተባለ። ስሙ ግን ሾልኮ ወጥቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ገበያተኛውም ተማሪውም «ከአያሌው መውደቂያ በታች» ይል ጀመር። አባቴ «ሳልሞት ርስት አገኘሁ» እያለ ይስቅ ነበር። እኔን አላሳቀኝም። ቦታው ስሙን ይዞ የሚጠብቀው ይመስለኝ ስለነበር፣ አባቴ በዚያ በኩል በሄደ ቁጥር እህል አይወርድልኝም ነበር።

ዘንድሮ በዚያ ሳልፍ አንድ ወጣት አስጎብኚ፣ አያሌው የሚባል ሰው እዚህ ወድቆ እንደሞተ ለእንግዶቹ ሲተርክ ሰማሁ። አባቴን ጠዋት ደባርቅ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ትቼው ነው የወጣሁት። ቢሆንም ደወልኩለት። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ነበር የጠበቅነው፤ ዛሬ ስልኩ ጠርቶ እስኪነሳ ብቻ ነው። ፍርሃቱ ግን አላጠረም። «ምን ሆንሽ ልጄ?» ሲለኝ እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።