ጀርባ የሌላቸው የገረሱ ድንጋዮች

ባለቤቴ ገረሱ ወዬሳ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ለእንጀራው ወፍጮ ይጠርባል፤ ለራሱ ደግሞ ሰው። ኮልፌ ካለው ቤታችን ጀምሮ እስከ ወንዙ በሚወርደው መስክ ላይ የጎረቤቶቻችንን መልክ በድንጋይ እየሠራ ያቆም ነበር። መስኩ አጥር የለውም። ከገበያ የሚመለስ ሁሉ ጎራ ብሎ ራሱን ይፈልጋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገ።

"አፍንጫዬ ይህን ያህላል እንዴ?" ብላ ልብስ አጣቢዋ ዋጋነሽ አንድ ሰሞን አኮረፈችው።

"ድንጋዩ አልበቃኝም እንጂ ከዚህም ይበልጣል" አላት።

ከሰል ነጋዴው ሰይፈዲን፣ "የእኔን መልክ ተወው፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም። አህያዬን ሥራልኝ" ብሎት አህያው ቆመ።

ገረሱ አንድ ጉድለት ነበረበት። ፊቱን ተጨንቆ ይሠራና ጀርባውን ለጥ አድርጎ ይተወዋል።

"ጀርባ የሌለው አህያ ምን ያደርግልኛል? ከሰሉን በጆሮው ልጫነው?" ይለዋል ሰይፈዲን።

"ከኋላ የሚያይ ሐሜተኛ ነው" ብሎ ይመልሳል ገረሱ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት በእኛ በኩል መንገድ ይሠራ ጀመር። አንድ ቅዳሜ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ መጥቶ፣ "ሰኞ ካሚዮን ይመጣል። እነዚህ ድንጋዮች ተሰባብረው መንገዱ ላይ ይነጠፋሉ" አለ። ገረሱ ቤት ገብቶ መሮውን ሲስል አመሸ፤ የሚጠርበው ግን አልነበረውም።

በማግሥቱ ዋጋነሽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች።

"ጋሼ ገረሱ፣ እኛ ሴቶቹ የማጠቢያ ድንጋይ ቸግሮናል። የእርስዎዎቹ ጀርባቸው ለጥ ያለ አይደል? በፊታቸው ደፍተው ወንዙ ውስጥ ይስጡን።"

"ፊታቸውን ጭቃ ውስጥ?"

"ጭቃ ይታጠባል። እኔ መቼም ይሄ አፍንጫ ቢቀበርልኝ ደስታዬ ነው።"

ገረሱ ከቅዳሜ ወዲህ ገና ያን ጊዜ ሳቀ። ጎረቤት ተጠራ፤ ሰንበት መሆኑን ማንም አላነሳም። በግንድ እያንከባለሉ ቁልቁል አወረዷቸው። የመጨረሻዋ በድንጋይ የተሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ቁጭ እንዳልኩ ስለሠራኝ ከሁሉም እከብዳለሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ የመንገዱ ሥራ አለቃ የሆነው ጣሊያንና አስተርጓሚው ሲደርሱ መስኩ ላይ የተኛ ሣር ብቻ ነበር። እኛ ሴቶቹ በእንዶድ አረፋ መሀል ተደርድረን ልብስ እንወቅጣለን። ጣሊያኑ ጮኸ። አስተርጓሚው ወደ ወንዙ ወረደ። እኔ የማጥበው አህያው ላይ ነበር፤ አንድ ጆሮው ከውኃው ብቅ ብሏል። እርጥብ ነጠላዬን ጣል አደረግኩበት፣ ዘግይቼ።

"ድንጋዮቹስ?" አለ።

"የትኞቹ ጌታዬ?" አለችው ዋጋነሽ። "ይልቅ የሸሚዝዎ አንገት ጠቁሯል። ያውልቁና ልጠብልዎ።"

ነጠላዬን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ወጥቶ ለጣሊያኑ በቋንቋው የሆነ ነገር ነገረው። ካሚዮኑ ባዶውን ተመለሰ። ለምን እንደማረን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጣሊያን ሲወጣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥተን አጥበን ወደ መስኩ መለስናቸው። ዋጋነሽ የራሷን ስታይ፣ "ወይኔ፣ አፍንጫው እንዳለ ነው!" ብላ ጮኸች። የእኔን ግን ዳገቱን ማውጣት አልተቻለም። ስድስት ወንድ ሞከረ።

"አንተ ገረሱ፣ ሚስትህ ላይ ድንጋይ አልቆጠብክም!" አለ ሰይፈዲን እያለከለከ።

"ተዉአት፣ ለሴቶቹ ትሁን" አለ ገረሱ። "ፊቷን እኔ አውቀዋለሁ።"

ባለፈው ኅዳር አረፈ። አርባው ሲያልፍ ጋቢውን ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ በራሴ ድንጋይ ላይ ዘርግቼ አጠብኩት። ከዚያ መስኩ ላይ ወጥቼ በሰይፈዲን የድንጋይ አህያ ላይ አሰጣሁት። ሳይመሽ ደረቀ።