ደጅ ሆኜ የጠበቅኋቸው መምህር ዳልኬ

መምህር ዳልኬ ማረፋቸውን የሰማሁት ምስማር ሊገዙ ከመጡ ሰው ነው። ሱቄን ከፍቼ የቀለም ቆርቆሮዎቹን ስደረድር የእድራችን ዳኛ አቶ ጴጥሮስ ገቡና ምስማር ጠየቁኝ።

«ለጣሪያ ነው?» አልኳቸው።

«ለሳጥን ነው» አሉኝ። ፊቴን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልሰማህም ማለት ነው? ጋሽ ዳልኬ እኮ ዛሬ ማለዳ አረፉ።»

ምስማሩን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ከዚያ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ከጀርባ ወዳለው ክፍል ገባሁና ባዶውን ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። ያን ግድግዳ ባዶ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ በቀብሩ ላይ የተነገረውን ሰምታችኋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱንም አልቀንስም። እኔ ግን የስልጤ ነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ያሳደገኝ የምሸጠውን ዕቃ ጉድለቱን ጭምር እየተናገርኩ እንድሸጥ ነው። የሞተን መውቀስ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ደግሞም እሳቸው ራሳቸው «የተደበቀ ስንጥቅ ነው እንጨትን ከወገቡ የሚሰብረው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ልናገር። መምህር ዳልኬ ወዳጄ ነበሩ፤ ከድተውኛልም።

ለማያውቋቸው ደግሞ፣ መምህር ዳልኬ ከቢጠና አቅራቢያ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሶዶ የእንጨት ሥራ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሲቃረብ ቢላውን ይዞ ወደ እሳቸው ይሄድ ነበር። በራፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ የመሳያውን ድንጋይ ጭናቸው ላይ አድርገው ከጠዋት እስከ ማታ ይስላሉ። ክፍያ አይቀበሉም። «የጊፋታ ሥጋ በደነዘዘ ቢላ ከተቆረጠ ዓመቱም ደንዝዞ ይገባል» ይሉና ይስቃሉ። ለእኛም ቤት ለአረፋ የሚሆነውን ቢላ ሳልጠይቃቸው መጥተው ይወስዱ ነበር። ደካማ እናቶች ዘንድ የተሰበረ አልጋና የወላለቀ በር ካለ፣ እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ መዶሻቸውን በኮታቸው ኪስ ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የእኔና የእሳቸው ነገር የጀመረው በአንድ የተሰነጠቀ እንጨት ነው። በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ ህንዶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። ጨዋታው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ አብዛኛው ሰው ቆሞ አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ይመስለኛል። አንደኛው፣ የፊዚክስ ዶክተር፣ የኳስ መምቻ እንጨቱ ተሰንጥቆበት ኮላ ሊገዛ ሱቄ መጣ። የሱቁ ሰው ሁሉ የጀልባ መቅዘፊያ መስሎት ከበበው። እኔ ወደ መምህር ዳልኬ ወሰድኩት። መምህሩ መምቻውን በእጃቸው መዘኑት፣ አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«ይህ እኮ አኻያ ነው» አሉ። «የእኛ ከነሱ ይለይ ይሆናል እንጂ ብላቴ ወንዝ ዳር ሞልቷል።»

መምቻውን ጠገኑለት። እንጨቱ ግን ከእሳቸው ልብ አልወጣም። ዶክተሩም መምቻ ከአገሩ ማስመጣት ከባድ መሆኑን፣ የከተማውን ወጣቶች ማሠልጠን ቢፈልግ ዕቃ እንደሌለው ነገረን። እዚያው ቆመን ተስማማን። ከሱቄ ጀርባ ያለውን መጋዘን ባዶ አደርጋለሁ፤ እሳቸው ይሠራሉ፤ የክሪኬት መምቻ በሶዶ ይሠራል። ከአባቴ የወረስኩት ሱቅ ነው። እኔ የጀመርኩት የምለው ነገር ግን አልነበረኝም፣ እና ያ ክፍል እሱ ሊሆንልኝ ነበር።

የጎደለን መሣሪያ ነበር። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን አዲስ መላጊያ አንስተው ስለቱን በጣታቸው ሞከሩትና «ይህ ብረት አይደለም፣ ቂቤ ነው» አሉኝ፤ በገዛ ሱቄ። የሚፈልጉት የድሮ አናጢዎችን ዕቃ ነው፤ ሆዱ ጎበጥ ያለ መላጊያ፣ ሰፊና ጠባብ መሮ፣ በሁለት እጅ ወደ ደረት እየሳቡ የሚልጉበት ባለ ሁለት እጀታ መላጫ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የለም። ባለቤቱ ከሞተ በኋላ በጆንያ ተጠቅልሎ ከቆጥ ላይ ይቀመጣል፤ ቤተሰብ አይሸጠውም።

ስለዚህ በሚኒባስ፣ ሲያልቅም በእግር፣ የሟች አናጢዎችን ቤት መዞር ጀመርን። ተበላ ከተማ፣ አናጢ ባሏ ከሞተባት አንዲት ሴት ቤት ስንደርስ መምህር ዳልኬ አጥሩ ጋ አስቆሙኝ።

«አንተ እዚህ ጠብቅ።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ፊትህ ነጋዴ ነው። ካዩህ ዋጋ ይጠሩብናል።»

ሳቅሁ፤ እውነትም መሰለኝ። ገበያ የሚሄዱትን አህዮች እያየሁ ቆምኩ። እሳቸው ውስጥ ብዙ ቆዩ፤ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይደርሰኝም። ሲወጡ መላጊያው በብብታቸው ነበር።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ሰጡን» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ቢጠናም እንዲሁ ሆነ፤ ዲምቱም እንዲሁ። እሳቸው ይገባሉ፣ እኔ ደጅ እጠብቃለሁ፣ «ሰጡን» ብለው ይወጣሉ፣ እኔ እሸከማለሁ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላዋ ያስቀጠቀጥነው እኛው ነን፤ እንጨቱን የሚጠቀጥቀውን ባለ ሁለት ዘንግ መጭመቂያም እኔ ነኝ ያስበየድኩት። አኻያውን ከብላቴ ዳር አስመጥተን ነቀዝ እንዳይገባው በባለቤታቸው በእትዬ ማርታ ማድቤት ጣሪያ ሥር፣ ጭሱ ላይ ሰቀልነው። ለእጀታ የሚሆን ቀርከሃ ከጨንቻ መጣ። ክፍሉን ኖራ አስቀባሁ፣ መስኮት አስወጣሁ፣ ከባድ የአናጢ መሥሪያ ባንኮ አስገባሁ።

መምህር ዳልኬ እያንዳንዱን መሣሪያ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዙሪያውን በከሰል ሣሉት። መላጊያው የመላጊያ ቅርጽ ላይ፣ መሮው የመሮ ቅርጽ ላይ ይሰቀላል። «ዕቃ ቦታውን ካላወቀ ወደ ማን ይመለሳል?» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ንጽሕና የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ሲሠሩ ማየት ደስ ይል ነበር። እንጨቱን ባንኮው ላይ በሞርሳ ቆንጥጠው ይይዙና መላጫውን ወደ ደረታቸው ሲስቡት ልጣጩ እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ይወድቃል። እጀታው እንደ ሽብልቅ ተጠርቦ መምቻው ውስጥ ሲሰካ ክር እንኳ የሚያስገባ ክፍተት አይተዉም። ከዚያ በተልባ ዘይት ያሹታል፤ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ፊቱን ይደበድቡታል። የእኔ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሥራቸውን ያቆማሉ። «ስገድ፤ እንጨቱ ይጠብቅሃል» ይሉኝና ከነአቧራቸው ደጅ ወጥተው ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ፤ የከዱኝም እኒሁ ሰው ናቸው።

የመጀመሪያውን መምቻ ዶክተሩ ሜዳ ላይ ሲሞክረው ኳሷ ጥርት ያለ ድምፅ አሰማች። እንጨቱን አሸተተና «ጭስ ጭስ ይላል» ብሎ ሳቀ። መምህር ዳልኬ ግን ክንዴን ያዝ አድርገው «ከድር፣ ይህ እኮ የብላቴ ነው» አሉኝ። ሲኩራሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ዶክተሩ ለሚያሠለጥናቸው ወጣቶች ሁሉ መምቻ አዘዘን፤ እኔም ቃል ሰጠሁ። ነጋዴ ከቃሉ ሌላ ምን አለው?

ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ክፍሉን ከፈትኩት። ግድግዳው ላይ የከሰሉ ሥዕል ብቻ ቀርቷል። እሳቸው ቤት ሮጬ ሄድኩ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ሌባ ገብቷል» አልኳቸው።

«ሌባ አልገባም። ተቀመጥ።»

«መሣሪያዎቹ የሉም እኮ!»

«ለባለቤቶቹ መልሻለሁ።»

አልተቀመጥኩም። እሳቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። «በየቤቱ ስገባ፣ ከልጆቹ አንዱ የአባቱን ሙያ የያዘ ቀን እመልሳለሁ ብዬ ነው የወሰድኩት። አደራ ነበር። የተበላው አናጢ ልጅ ሙያውን ጨርሶ መጣና የአባቱን መላጊያ ጠየቀኝ። የቢጠናውም የዲምቱውም ልጅ በየሰው ቤት በውሰት ዕቃ ነው የሚሠሩት። ለእሱ ሰጥቼ የሌሎቹን ብይዝ ምን ልባል ነው?»

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ክፍሉን ትሠራ ነበር?»

«አልሠራም ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱን ቀድመው ያውቁት ኖሯል። እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው።

«ጥሩ፤ እነሱ አደራ ከሆኑ እኔስ ምንዎ ነኝ?» አልኳቸው።

እስከ ዛሬም መልሱን አላገኘሁም።

ዶክተሩ ቃሌን ጠብቆ ጠብቆ መምቻውን ከሌላ ቦታ አስመጣ፤ በኋላም ውሉ አልቆ አገሩ ገባ። መጭመቂያው ላይ የቀለም ቆርቆሮ ደረደርኩበት። እንጨቱ እትዬ ማርታ ማድቤት እንደተሰቀለ ነው። እናንተ መምህር ዳልኬ ባለአደራ ነበሩ ስትሉ እኔም እውነት ነው እላለሁ። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይባል የለ? ግን የአንዱን አደራ ለመጠበቅ የሌላውን ሰው እምነት መብላት ምን ይባላል? ስሙን የሚያውቅ ይንገረኝ።

በወላይታ የተጣላ ሰው ታርቆ ነው ጊፋታን የሚሻገረው። እሳቸውም ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹን አክብሬ ሸኘኋቸው፤ እርቁን ግን አልተቀበልኩም። በሚቀጥለው ዓመትም ላኩ። የአረፋ ቢላችንን ሌላ ሰው ዘንድ ማሳል መጀመሬን ሰምተው «‹እንዴት ይቆርጣል?› በሉት» ብለው ላኩብኝ። አልቆረጠም ነበር፤ ይህንንም አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ባረፉ ዕለት ወደ ሱቄ ልመለስ። አቶ ጴጥሮስ ምስማሩን ይዘው ከሄዱ በኋላ ሦስት ጎልማሶች መጡ። የተበላው፣ የቢጠናውና የዲምቱው አናጢዎች ልጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ጆንያ ይዘዋል።

«ጋሼ ከድር፣» አለኝ የተበላው፣ «ሳጥናቸውን በገዛ እጃችን እንሥራ ብለን ነበር። እንዲህ ያለ ባንኮ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

ከፈትኩላቸው። ቆርቆሮዎቹንም ከመንገዳቸው አነሳሁ። ሥዕሉን ሲያዩ ማንም ሳይነግራቸው መሣሪያዎቹን ከጆንያ እያወጡ ግድግዳው ላይ፣ በየቅርጹ ሰቀሉ። መላጊያው የመላጊያ ቦታ ገባ፣ መሮዎቹም ገቡ፣ መላጫውም ገባ። ያን ያህል ጊዜ ስመኘው የኖርኩት ክፍል ሙሉ ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የሚሠራበት ደግሞ የእሳቸው ሳጥን ነው። ሣንቃውን ከአንዱ ወገን እኔ ያዝኩላቸው። እጃቸውን አየሁ፤ መላጫውን ወደ ደረት አሳሳባቸው ቁርጥ የመምህር ዳልኬ ነው። ለካ ዕቃውን ሊመልሱ ሲሄዱ አያያዙንም እያስተማሯቸው ኖሯል። ይህንንም አልነገሩኝም።

ሳጥኑ ሲያልቅ መሣሪያዎቹን ጠርገው፣ ቅባት ቀብተው ወደ ጆንያቸው መለሱ። እዚህ ይቆይ አላሉም፤ እኔም ይቆይ አላልኩም። ግድግዳው ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ ሆነ።

ጋሽ ዳልኬ፣ ከእንግዲህ የምናገረው ለእርስዎ ነው። ይቅር ብያለሁ ብል ጉድለቱን ደብቄ መሸጥ ይሆንብኛል። ለቅሶዎ ላይ ተቀምጫለሁ፣ አልቅሻለሁም፤ ቂሜም አብሮኝ ተቀምጧል። የከሰሉን ሥዕል ግን አላጠፋሁትም፤ የሱቁን ጀርባ ኖራ ሳስቀባ ቀቢውን ያን ግድግዳ እለፈው ብዬዋለሁ። ተበላም፣ ቢጠናም፣ ዲምቱም እርስዎ ሲገቡ እኔ ደጅ ጠብቄአለሁ። ዛሬም ቀድመውኝ ገቡ፣ እኔም እንደ ልማዴ ደጅ ቀረሁ። በሰላም ይረፉ። ተራዬ ደርሶ የመጣሁ ቀን ግን፣ ጋሼ፣ «ሰጡን» ብለው እንዳያልፉኝ፤ ውስጥ የተባባላችሁትን ሁሉ ይንገሩኝ።