የቅዳሜው ሦስተኛ ዙር

ዳቦ ጋጋሪውን ሰፈሩ ሁሉ እርሾ ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። «ሲያዩት ዝም ያለ ነው፤ ሞቅ ያለ ቦታ ካገኘ ግን ቀስ ብሎ ይነሣል» ብላ ጎረቤት ፊት ቀለደችበትና ቀልዷ ስም ሆኖ ቀረ። እሱም አልተቀየማትም። ለመቀየምም እኮ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል፤ እርሾ ደግሞ ከሰው ጋር ከሚያወራ ይልቅ ከሊጥ ጋር ቢያወራ ይቀለዋል።

ዳቦ ቤቱ በጸጉር ቤትና በደብተር መሸጫ መካከል የተሸጎጠ ጠባብ ቤት ነው። ከፊት ባንኮኒና መደርደሪያ፣ ከኋላ ምድጃና ረጅም የእንጨት ገበታ አለው። የግድግዳው ሰዓት ዱቄት ስለሚጠጣ ብዙ ጊዜ ይቆማል። ባልና ሚስቱ ሰዓት የሚያውቁት በዙር ነው። አንደኛው ዙር የሚወጣው ሠራተኛ ወደ ሥራ ሲሮጥ ነው። ሁለተኛው ረፋድ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ቤቱ ሲያዞር። ገበያ ማለት ሦስተኛው ዙር ነው፤ የቅዳሜውማ አይነገርም።

ይህንኑ የቅዳሜ ሦስተኛ ዙር ነው እንግዲህ እርሾ ለሚስዮን ሥራ የሰጠው። እንዴት እንደሰጠው ልናገር።

ቤተክርስቲያናቸው የቧንቧ ሠራተኛውን ልጅ ወንጌል እንድትሰብክ ባሕር ማዶ ልትልክ ተነሣች። ልጅቱ ቋንቋውን ተምራ፣ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጨርሳለች። የቀረው እዚያ የሚያቆያት ስንቅ ነው። አንድ እሑድ ሽማግሌው መድረክ ላይ ወጡና «ገንዘብ ብቻ አላልኩም፤ እያንዳንዱ ከእጁ ሥራ ላይ ቆርጦ ይስጥ» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ከየወሩ የመጀመሪያውን ቀሚስ ሰጠች። ባለ ሚኒባሱ የሰኞን የመጨረሻ ምልልስ ሰጠ። ከዚያ የሽማግሌው ዓይን ዞሮ ዞሮ እርሾ ላይ አረፈ።

«ወንድማችን ዳቦ ጋጋሪውስ?»

እርሾ ሰው ሲያየው ምላሱ ይተሳሰራል። ተነሣ፤ ላብ አጠመቀው። «የ... የቅዳሜ... ሦስተኛው ዙር» ብሎ ዱብ አለ። ጉባኤው «አሜን!» ብሎ አጨበጨበ። ሚስቱ ጭኑን ቆነጠጠችው።

«ሁለተኛው ዙር ምን አጠፋ?» አለችው በሹክሹክታ።

«አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

«አይ አፍ! በስንት ጊዜው ቢከፈት የገዛ ቤቱን ሊበላ!»

ይህን ስትል ግን ትስቅ ነበር። ልጅቱ በልጅነቷ ባንኮኒው ላይ ተንጠልጥላ የዳቦ ቅርፊት እየለመነች ያደገች ናት። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት።

ጣጣው የመጣው ከስጦታው ሳይሆን ከእርሾ ቅንነት ነው። ሽያጩ ለጌታ የሚሄድ ዳቦ እንዴት እንደነገሩ ይጋገራል? የሌላውን ዙር ሊጥ ሚስቱ ናት የምታቦካው፤ የዚህን ግን እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ራሱ ያቦካል። ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ይነፋዋል። ዘይቱን አይሰስትም። ሊጡ ኩፍ እስኪል አያጣድፈውም። ምድጃው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በሽተኛ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቀዋል። ያ ዳቦ ሲወጣ ላዩ ቀላ ብሎ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ ሆኖ ነው። ሽታው ጸጉር ቤት ገብቶ፣ ግማሽ ራሱን የተላጨውን ሰው ከነፎጣው አስነሥቶ ያመጣዋል።

የዚህን ጊዜ ሰው ነቃ። ቅዳሜ ጠዋት የሚገዛ ጠፋ፤ ሁሉም ሦስተኛውን ዙር ይጠብቃል። ቀጥሎ ዓርብም ቀዘቀዘ።

«እትዬ፣ ዛሬስ አልገዛም፤ ነገ የጌታ ዳቦ አለ» አላት ባለ ሚኒባሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ። «ዛሬን ሩዝ ቀቅዬ አሳልፋታለሁ።»

«ሩዙ ይነቅህ!» አለችው።

ሽማግሌው ግን ደስታቸው ወሰን የለውም። ባሕር ማዶ ያለችው ልጅ በስልክ ድምፅ ልካ ጉባኤው ሁሉ በድምፅ ማጉያ ሰማ። ዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ይዛ በአንድ የመረብ መጠገኛ ዳስ ሥር የጀመረችው ጸሎት ዳሱን ሞልቶ ተርፏል። ዝናብ ግን ያባርራቸዋል፤ ጣራ ሊሠሩ ነው። «ዳቦ ቤታችንን ሳሙልኝ» ትላለች በመጨረሻ። እርሾ አንገቱን ቀበረ፤ ጆሮው ግን ከላይ እንደተላጠ ቲማቲም ቀላ።

ሚስቱም «አሜን» አለች፤ በግራ እጇ ቀኝ ትከሻዋን እያሸች።

የትከሻዋ ነገር አሳሳቢ ሆኗል። ስንት ዓመት ሊጥ የደቆሰ ትከሻ ነው። ጸጉሯን ለማበጠር እጇን ማንሣት ስላቃታት የጎረቤት ጸጉር ቤት ሴቶች ናቸው ጠዋት ጠዋት የሚያበጥሩላት። ሐኪሙ «ማቡካት ተዪ» ቢላት፣ «ታዲያ ዶክተር፣ እርስዎ ይመጡልኛል?» አለችው። መድኃኒቷን ራሷ አግኝታዋለች፦ ያገለገለ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን። ባለ ማሽኑ «እስከ ወሩ መጨረሻ ላንቺ ብዬ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ፈላጊ አለው» ብሏታል። ለእሱ የምታጠራቅመው ከዓርብና ከቅዳሜ ገበያ ነበር። አሁን የዓርቡና የቅዳሜው ዳቦ መደርደሪያው ላይ እየደረቀ እሷን ያያታል፤ እሷም እሱን ታየዋለች።

«ስማ፣» አለችው አንድ ማታ ዱቄት እየጠረገች፣ «ስጦታውን አንሣ አላልኩህም። ሦስተኛውን ዙር ትንሽ እንደሌላው አድርገው። ትንሽ ብቻ!»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ አስተምርህ? ቶሎ አውጣው፤ ዘይቱን ቀንስ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እርሾ ሞክሯል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዱቄቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነፋ። ሊጡን ቶሎ ለመተው አሰበና እጁ እምቢ አለው። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፤ ዛሬ ትንሽ ላበላሽብህ ነው» እያለ እየጸለየ አቦካ። ሲጸልይ ጊዜው ረዘመ፤ ሊጡም ከመቼውም ይልቅ ለሰለሰ። የዚያን ቀን ሰልፉ ጸጉር ቤቱን አልፎ ሄደ።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቅዳሜ ቀረው። ሁለተኛው ዙር መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ወሬውን ይሰልቃል፤ የሚገዛ የለም። ባለ ሚኒባሱ ባንኮኒውን በክርኑ ተደግፎ «ሦስተኛው አልደረሰም?» ሲላት ትዕግሥቷ አለቀ።

«ይኼስ ምን ሆነ? ይኼም የሚስዮን ነው!»

«እውነትሽን ነው?»

«አዎ! ዛሬ የምታየው ሁሉ የሚስዮን ነው! ትገዛ እንደሆነ ግዛ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰው ተንጋግቶ ገባ። መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ የዓርብ ትራፊ እንኳ አልቀረም። እሷ ገና ላቧን ሳትጠርግ ቀና ስትል፣ እርሾ ከምድጃው በኩል ወጥቶ ትሪ እንደያዘ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«ምን ታየኛለህ?»

«ምንም። ካልሽ አልሽ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሁሉም የሚስዮን ነው ብለሻል። የዛሬው ሁሉ ነገ ይሄዳል ማለት ነው።»

ማሽኑ በዓይኗ መጣ፤ እየተንገዳገደ የሌላ ሰው በር ሲገባ ታያት። ሆኖም ለጌታ ነው ብላ የሸጠችውን ለራሷ ልታደርግ አልደፈረችም። ልትመልስለት ስትል ባለ ሚኒባሱ ጉንጩ እንደሞላ ተመልሶ መጣ፤ የተገመሰ ዳቦ በእጁ ይዟል።

«እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ይኼ የሚስዮን አይደለም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ጥርሴ ነገረኝ። የሚስዮኑ ይቀልጣል፤ ይኼ እኮ ይከራከራል!»

በር ላይ ያሉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ከእጁ ቆርሳ ቀመሰች። ከስንት ጊዜ በኋላ የገዛ ዳቦዋን መቅመሷ ነበር። በቅጡ ያልተቦካ ነው፤ መሐሉ ላይ የዱቄት ቋጠሮ አለ። በአንድ እጅ የተቦካ ሊጥ ነውና።

ማታ በሩን ሲዘጉ ገበታው ላይ ተቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምንድነው ያኛው እንደዚያ፣ ይኼኛው እንደዚህ የሆነው?»

እርሾ ጣቶቹን ተመለከተ። «ይኼ... የኛ ስለሆነ።»

«የኛ ስለሆነ ነው የሚደርቀው? ለጌታ ሲሆን እስከ ክርንህ ድረስ እጅ አለህ፤ ለኛ ሲሆን የኔ ትከሻ ብቻ ነው ያለው? ጌታ የሚያየው ቅዳሜን ብቻ ነው እንዴ? ሰኞ ሰኞ ወዴት ይሄዳል?»

እርሾ ባሕር ማዶ ያሉትን ሰዎች ዝናብ እንዳይመታቸው ሲጨነቅ፣ በአንድ ገበታ ማዶ ለማዶ አብራው የምትሠራው ሚስቱ ጸጉሯን በሰው እጅ እያስበጠረች ነው። አይቶ ነበር እኮ። ግን ማየት ሌላ፣ መነሣት ሌላ ነው።

«ልክ ነሽ» አለ። ተነሣና የሰኞ ማቡኪያ ጎድጓዳውን ከሷ ወገን አንሥቶ በራሱ ወገን አስቀመጠው።

እሑድ የቅዳሜውን ሁሉ ለሽማግሌው ሰጡ። የሰጠችው እሷ ናት፤ «ቃሌ ነው» ብላ። ወሩ አለቀ፤ ማሽኑም ለሌላ ዳቦ ቤት ተሸጠ። መንገድ ላይ በጋሪ ጭነውት ሲያልፉ ጸጉሯን እያበጠሩላት ነበር። «በሰላም ሂድ፣ የኔ ወንድም» ብላ ሸኘችው፤ አበጣሪዎቹም ሳቅ ገደላቸው።

እርሾ ግን ከሰኞ ጀምሮ ሦስቱንም ዙር ራሱ አቦካ። እሷ ምድጃውንና ባንኮኒውን ያዘች። የመጀመሪያውን ሳምንት ወገቡን ይዞ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ሲሄድ «አሁን ገባህ?» ትለዋለች። «ገባኝ» ይላል። ሰኞም እንደ ቅዳሜ፣ አንደኛውም እንደ ሦስተኛው ሆነ። ሰልፉ ተበታትኖ በሳምንቱ ሁሉ ላይ ተረጨ። ቅር ያለው ባለ ሚኒባሱ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ አሁን የትኛው የሚስዮን እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«አትወቅ። ብላ።»

ጥቂት ወራት ቆይቶ ባለ ማሽኑ ራሱ፣ ዳቦ ሊገዛ መጥቶ፣ ሌላ ማሽን እንዳገኘ ነገራት። ከበፊተኛው ያረጀ ነው፤ ሲነሣ ቤቱን ያናውጣል፣ ካላጠፉት አያቆምም። ይህን ጊዜ የምትከፍለው አላጣችም። «ወንጌላዊው» ብላ ስም አወጣችለት። ሽማግሌው ሰምተው ሊቆጡ ቢፈልጉም ድምፁን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው። የረቡዕን ሁለተኛ ዙር ለሚስዮን የጨመረችውም ያን ዕለት ነው፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ በገዛ አፏ።

በቀደም ልጅቱ ደወለች። ጣራው ቆሟል። ከማዶው መንደር ሰዎች በጀልባ መምጣት ጀምረዋል፤ እዚያም ሌላ ጉባኤ ሊጀምሩ ነው። የሰዉ እራት ግን ሁልጊዜ ዓሣ ብቻ ስለሆነ ዳቦ መጋገር ልታስተምራቸው ትፈልጋለች። «ያ የሦስተኛው ዙር እንዴት ነበር የሚቦካው? እሱን አገናኙኝ» አለች።

ሚስቱ ስልኩን ዱቄት በዱቄት ወደሆነው ጆሮው አስጠጋችለት። እርሾ ላብ አጠመቀው።

«ሄሎ... እ... ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ንፊው። አታጣድፊው...» ቆመ። ሚስቱን አያት። «ብቻሽን ግን አታቡኪ።»

ሚስቱ ስልኩን ነጠቀችው። «ልጄ፣ እኔ ልንገርሽ! ትከሻ ያለው ወንድ ካለ እዚያ ጉባኤ ውስጥ፣ ከስብከቱ በፊት እሱን አስነሺ!»