ቀለሙ በይ

ዛሬ ጠዋት ባሕር ዳር ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ቀለም በሚሞላው ብዕሬ ስጽፍ ወረቀቱን ቧጠጠው፤ ፊደሉም ተጣመመብኝ። "ይህ ቀለም ደረቅ ነው" ብዬ ተነጫነጭሁ። አነጋገሩ የአባቴ ነው።

አባቴ ዘጌ ውስጥ ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን፣ የማርያም ስም የሚጻፍበትን ቀይ ቀለም "ደርቋል፤ ውሃ ጨምሪበት" አሉኝ። ጨመርሁ። ስሟን ሲጽፉ ፊደሉ ተጣመመ። "አቀጠንሽው!" ብለው ጮኹብኝ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ማን አበላሸው ካሉሽ፣ ቀለሙ በይ" አሉና በዚያ ሙቀት ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ብዕሩን ተቀብላኝ የራሷን ስም ጻፈችበት፤ ጥርት ብሎ ወጣ።

"እማዬ፣ ቀለሙ እኮ ደህና ነው" አለችኝ።

ቀኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁ።